ጎተራ ሥር ያደረ ውሃ

ሰው ውሃ ሲጠጣ ማየት ካስጠላኝ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ምግብ ቤት ገብቼ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ብርጭቆውን አንሥቶ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል ካየሁ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። በሽታ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ሙያ ነው እላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ የውሃ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል የሠራሁት ሥራ፣ ሰው በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ምን ያህል ሰገራ እንዳለ መቁጠር ነው። በሪፖርታችን ላይ «የብክለት አመላካች ተሕዋስያን» ተብሎ ይጻፋል። ሰገራ ነው። የሰው ወይም የከብት፣ የትናንት ወይም የዛሬ።

አሠራሩን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከስኒ አፍ የምታንስ ነጭ፣ ክብ ማጣሪያ አለች፤ ስትነካ ወረቀት ትመስላለች፣ ቀዳዳዎቿ ግን ባክቴሪያ እንኳ አያሳልፉም። እሷን ኩባያ መሰል ዕቃ ሥር አስቀምጦ፣ ከላይ መቶ ሚሊ ሊትር ውሃ አፍስሶ፣ በእጅ ፓምፕ ከሥር መሳብ ነው። ውሃው ያልፋል፤ ያ ያልኩት ነገር ማጣሪያዋ ላይ ይቀራል። በዓይን ምንም አይታይም። ከዚያ ማጣሪያዋን በወረንጦ አንሥቶ ቀይ መረቅ በጠጣ ንጣፍ ላይ፣ በትንሽ የቆርቆሮ ሳህን ውስጥ ማስተኛት፤ ሳህኑን አርባ አራት ዲግሪ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ለአሥራ ስምንት ሰዓት መዝጋት። እዚያ የቀረው እያንዳንዱ ባክቴሪያ መረቁን እየበላ ይራባና በማግስቱ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ነጥቡን መቁጠርና ሽታውን መቻል ነው። ሳጥኑ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ሞቃትና ጎምዛዛ ነው፤ ሆዱ የታመመ ሕፃን ሲታዘልበት የሰነበተ አንቀልባ እንዲህ ይሸታል።

ብዙ አነባለሁ፤ ምንጭ ላይ ሲደርስ ብዕሩ የማይለሰልስ ጸሐፊ ግን አላጋጠመኝም። ኩልል ያለ፣ እንደ መስተዋት የጠራ፣ የእናት ጡት የመሰለ ይሉታል። ጎረቤቴ የሆነ ጡረተኛ መምህር ደግሞ በየሳምንቱ «የገጠሩን ንጹሕ ውሃ ትተን የከተማ መርዝ እንጠጣለን» ይለኛል። ክሎሪኑን ነው መርዝ የሚለው። እኔ ክሎሪን የሚሸት ውሃ እወዳለሁ። አፍንጫዬን ሲወጋኝ፣ አንድ ሰው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው ብዬ ደስ ይለኛል። ጥርት ያለ ውሃ ምንም አይነግረኝም፤ ካየኋቸው ቆሻሻ ውሃዎች ብዙዎቹ ከእንባ የጠሩ ነበሩ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ነጠላዋ ውስጥ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጠቅልላ ወደ ቢሯችን መጣች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከአንኮበር ወረድ ብሎ ካለ መንደር ተነሥታ፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ፣ ከዚያ በሚኒባስ ተጭና ነው የመጣችው። ጫማዋ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም።

«ጋሼ፣ ይህን ውሃ ይመርምሩልኝ» አለችኝ።

እኔ መልስ ሳልሰጥ አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ ቀደመችኝ። አርባ ዓመት ያለፋት፣ እጇ ለሥራ የተፈጠረ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት።

«ደብዳቤ አለሽ?»

«የምን ደብዳቤ?»

«ከቀበሌ፣ ከወረዳ፣ ማኅተም ካለው ሰው።»

«የለኝም። ያለኝ ውሃው ነው።»

ለምን እንደመጣች ቆማ ነገረችን፤ ወንበር ብንሰጣትም አልተቀመጠችም። በጥር ወር የዘጠኝ ወር ወንድ ልጇ ሞተባት። ሦስት ቀን አስቀመጠው፣ አስመለሰው፣ በአራተኛው ቀን አለቀ። ለልቅሶ ከመጡት ሰዎች መካከል አንዲት የጤና ባለሙያ ነበረች፤ ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰዉ በተሰበሰበበት፣ ተቅማጥ የሚመጣው እናት እጇን ሳትታጠብ ልጅ ስታበላ መሆኑን አስተማረች። ስም አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም።

«ከዚያ ወዲህ ሴት ልጄን አላጎርስም» አለች።

«ማን ነው የሚያጎርሳት?» አለቻት ባልደረባዬ።

«የባሌ እናት። እኔ ሰሃኑንም አልነካ። ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንቅልፏ ሲመጣ እንኳ ወደሳቸው ነው የምትሄደው።»

«ባልሽስ ምን ይላል?»

«እዚሁ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ይሠራል። በወር አንዴ ነው የሚመጣ። እናቴ ታውቃለች ነው የሚል።»

ስለ እጅ መታጠብ አንድ ነገር ልበል። ይጠቅማል፤ እኔ ራሴ ቆዳዬ እስኪሰነጠቅ እታጠባለሁ። ግን ከትምህርት ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ቧንቧ አይፈልግም፣ ሲሚንቶ አይፈልግም፤ አንድ ፖስተርና የምትወቀስ አንዲት ሴት ይበቁታል። ፖስተሩ ላይ ያለችው ሴት የምትታጠብበት ውሃ ከየት እንደመጣና ምን እንደያዘ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። ሲያስጠላኝ የኖረ ፖስተር ነው፤ ቢሯችን በር ላይም ተለጥፏል።

ባልደረባዬ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው።

«ስሚ እህቴ። ይህን ብመረምርልሽ የማገኘው የእጅሽን ነው። በእጅሽ ቀዳሽው፣ በእጅሽ ከደንሽው፣ ፀሐይ ላይ ስታንገላቺው መጣሽ። ይህ ጠርሙስ የሚመሰክረው ባንቺው ላይ ነው። ድፊው።»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ተቀብላ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ክዳኑን ከፈተችና፣ «ለመንገድ ይሆነኛል» ብላ እኛው ፊት ግማሹን ጠጣችው። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

በቀጣዩ ሳምንት ለሌላ ሥራ ወደ አንኮበር የምንሄድበት መርሐ ግብር ነበረን። መንገዱም ሰላም የሆነበት ሳምንት ነበር፤ ሰሞኑን ይህ በየሳምንቱ የሚገኝ ነገር አይደለም። ባልደረባዬ ምንም ሳትለኝ ሦስት ትርፍ ሳህን ሳጥኑ ውስጥ ጨመረች። እኔም ምንም ሳልላት አየሁ። ማኅተም የሌለው ምርመራ ሠርተን አናውቅም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ሁለት ሰዓት ቁልቁለት ወርደን ግን አናውቅም።

መንደሩ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ውሃውን የሚጠብቁት የሴትዮዋ ባል አባት ናቸው። ረጅምና ቀጭን ሽማግሌ፣ ጋቢያቸው ላይ አሮጌ ካፖርት ደርበው፣ የውሃውን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሥረውታል። የውሃ ኮሚቴው ሲመረጥ ሌሎቹ አባላት ስም ብቻ ሰጡ፤ ሥራውን የሠሩት እሳቸው ናቸው። አጥር ያጠሩት፣ ከብት ያባረሩት፣ የፈሰሰውን የደፈኑት።

«እናንተ ናችሁ ውሃውን የምትከሱት?» አሉን።

«እኛ መርማሪዎች ነን አባቴ። ከሳሽ ሌላ ነው» አለች ባልደረባዬ።

«መርማሪና ከሳሽ ሲለያይ አይቼ አላውቅም። ለማንኛውም መጀመሪያ ቅመሱት። ያልቀመሰ ምኑን ይመረምራል?»

ከቧንቧው በጣሳ ቀድተው ለባልደረባዬ ዘረጉላት። እሷ ወዲያው፣ «እኔ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ውሃም አልቀምስም አባቴ፣ ሁዳዴ ነው» ብላ አመለጠች። ጣሳው ወደ እኔ ዞረ። እኔ እንደማልጾም ከፊቴ አንብበውት ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከኮሌራ በላይ ሰው ሳይፈጅ አይቀርም። ጠጣሁት። ቀዝቃዛ፣ ቀላል፣ ምንም ሽታ የሌለው ውሃ ነው። ደግመው ሞሉልኝ።

ውሃው ከቋጥኝ ሥር ይወጣል። ከዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ምንጩን በኮንክሪት ሳጥን አስገብቶ፣ ከሳጥኑ በታች አንድ ቧንቧ ተክሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሄዷል። ሳጥኑ ሰው ቆሞ የሚገባበት ነው፤ ክዳኑ የሁለት ሰው ሸክም።

«ክዳኑን እንክፈተው?» አልኳቸው።

«ጾመኛ ሰው በባዶ ሆዱ ድንጋይ አያነሣም። ውስጡን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፤ የሚያሳፍረኝ ነገር የለውም።»

የማንኛውም ምርመራ ሥራ መጀመር ያለበት ክዳን በማስከፈት ነው። ቁልቁለቱ ጉልበቴን ጨርሶት ነበር፤ ተውኩት።

ሦስት ውሃ ወሰድን። የመጀመሪያው ሳጥኑ ውስጥ ሳይገባ ከቋጥኙ ስንጥቅ በጎን የሚንጠባጠበው ነው። ሁለተኛው የቧንቧው፤ አፉን በእሳት ለብልበን። ሦስተኛው የሴትዮዋ ጀሪካን። ጀሪካኑን ከቤት ያመጣችው ራሷ ናት፤ በጀርባዋ አዝላ ሳይሆን በደረቷ አቅፋ፣ እንደ ታመመ ሰው። በጠጠርና በአመድ ተፈግፍጎ ከውስጥ የነጣ ጀሪካን ነው፤ በዚያ መንደር ካየኋቸው ሁሉ ንጹሑ። ሲያዩት የሚያሳዝን ንጽሕና ነበረው።

ባልደረባዬ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዕቃዋን ዘረጋች። በየመሃሉ ኩባያው ውስጥ ሜታኖል አፍስሳ እያነደደች ትከድነዋለች፤ ሳይጨርስ የታፈነው እሳት የሚተወው ጋዝ ከቀደመው ውሃ የቀረውን ተሕዋስያን ይገድላል። ሽማግሌው ኩባያው አፍ ላይ የሚሄደውን ሰማያዊ ነበልባል አዩና ወደፊት ጠጋ አሉ። ንጣፎቹን በቀዩ መረቅ ማራስ ስትጀምር ግን ነገር አመጡ።

«ምንድን ነው የምታጠጪያቸው?»

«ምግባቸውን ነው አባቴ። ካልበሉ አይታዩም።»

«የምን ምግብ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «ከሥጋ የወጣ ነገር አለበት። የወተት ስኳርም አለበት» አለቻቸው።

«በሁዳዴ?»

«ባክቴሪያ አይጾምም አባቴ።»

«እሱስ አይጹም። የሚያበላው ሰው ግን ክርስቲያን መስሎኝ።»

አጥሩ ላይ ተደግፈው የሚያዩት ሁለት ሴቶች ሳቁ። ባልደረባዬም ሳቀች፤ እጇ ግን ሥራውን አላቆመም። ሳህኖቹ ተከደኑ፣ ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ገቡ፣ ሳጥኑ ባትሪው ላይ ተሰካ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። ሳጥኑን ተሸክመን ልንወጣ ስንል ሴትዮዋ መያዣውን ያዘች።

«እዚሁ ይደር» አለች።

«ለምን? ነገ ይዘነው እንመጣለን።»

«ይዛችሁት ሄዳችሁ ብትመለሱ ተለውጧል ይሉኛል። ከተማ አድሮ የመጣ ነገር ማን ያምናል? ሁሉም እያየው ይደር፣ ሁሉም እያየው ይከፈት።»

ይህን ስትል ወደ ሽማግሌው ቤት በር አየች። የባሏ እናት እዚያ ቆመዋል፤ አጭር፣ ጠንካራ ሴት፣ ሕፃኗን አዝለው። ሕፃኗ ጀርባቸው ላይ ተለጥፋ በአንድ ዓይኗ ታየናለች።

ሽማግሌው አሰቡበት። «ቤቴ ውስጥ ሥጋና ወተት በሁዳዴ አያድርም» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ጎተራው ሥር ይደር» ብለው ፈረዱ። ሳጥኑ ጎተራው ሥር፣ በድንጋዮቹ መካከል ገባ። ብርዱ እንዳያሸንፈው ሴትዮዋ ብሉኮዋን አምጥታ አለበሰችው።

ዳገቱን ስንወጣ አንድ ነገር አስተዋልኩና ቆምኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳህን በከፈትኩ ቁጥር ባዶ ይሁን እያልኩ ነው የኖርኩት። ያን ዕለት ግን ሰገራ እንዲገኝ ተመኘሁ። ቧንቧው ንጹሕ ሆኖ ጀሪካኑ ቢቆሽሽ ያቺ ሴት ዕድሜ ልኳን አበቃላት፤ ያበቃላት ደግሞ እኔ ባመጣሁት ሳጥን ነው። ቧንቧው ከቆሸሸ ግን መንደሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው፤ እኔም ሁለት ጣሳ ጠጥቻለሁ። ይህን ለባልደረባዬ ስነግራት፣ «ሆድህን ከአሁኑ አመመህ እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። እውነት ነው፣ አሞኝ ነበር፤ ከፍርሃት ይሁን ከውሃው አላወቅሁም። አንኮበር አድረን ሌሊቱን የሆዴን ድምፅ ስሰማ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስንደርስ ጎተራው ዙሪያ ሰው ተሰብስቧል። ሳጥኑ ብሉኮውን እንደለበሰ ነው። አንዲት ጎረቤት እንዳወራችን ሴትዮዋ ጎተራው አጠገብ ቁርበት አንጥፋ ነው ያደረችው። ባልደረባዬ ሳጥኑን ስትከፍት ያ ያልኩት ሽታ ወጣ። ሕዝቡ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ፤ ሽማግሌው ብቻ አልተንቀሳቀሱም።

የመጀመሪያው ሳህን፣ የቋጥኙ፣ ምንም የለበትም። ማጣሪያዋ እንደገባች ነጭ፣ ዙሪያዋ እንደ መረቁ ቀይ።

ሁለተኛው የቧንቧው ነው። ነጥብ አልነበረበትም፤ ነጥብ የሚባለው ተለያይቶ ሲታይ ነው። ከዳር እስከ ዳር ቢጫ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የወጣ፣ መሃሉ ላይ ረጥቦ የሚያብለጨልጭ። አፌን ምራቅ ሞላው፤ የሚያስመልሰኝ መስሎኝ ጥርሴን ነከስኩ። ይህ ነገር ትናንት በጉሮሮዬ ወርዷል። ባልደረባዬ አየችኝና ወደሚቀጥለው ሳህን አለፈች።

ሦስተኛው የጀሪካኑ ነው። ሴትዮዋ ሳህኑን ራሴ ካልያዝኩ አለች። ከአጥሩ ጭራሮ ሰበረችና እየጠቆመች ጮክ ብላ ቆጠረች። ሠላሳ ሁለት ላይ አበቃች። ባልደረባዬ አጉሊ መነጽሩን አስጠግታ ደግማ ቆጠረች፤ ሠላሳ ሁለት።

«የኔ ጀሪካን ከቧንቧው ይሻላል ማለት ነው?» አለች።

«ይሻላል። ውሃ አስቀምጠሽ ስታሳድሪው አንዳንዱ ይሞታል። ጀሪካንሽም ንጹሕ ነው። ይህ ቆሻሻ እጅሽ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የነበረ ነው» አልኳት።

ሁሉም እንዲሰማ ደግማ አስባለችኝ። ደገምኩላት።

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። «ይህ ከኔ ቧንቧ የወጣ አይደለም» አሉ። «ከድንጋዩ ንጹሕ ሆኖ ወጥቶ እኔ የምጠብቀው ቤት ውስጥ ገብቶ ቆሸሸ ትሉኛላችሁ። ኑ። ኑ፣ ውስጡን እዩት።»

ማንም ሳይጠይቃቸው ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ቀደሙን። ሁለት ጎልማሶች ክዳኑን ገፉት። ሽማግሌው ፊት ለፊታችን ካፖርታቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉ፣ ከቧንቧው እግራቸውን ታጠቡና በብረት መሰላሉ ወረዱ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አለፈ። በባትሪ መብራት የውስጡን ግድግዳ አሳዩን። ልሙጥ፣ ወጥ፣ አረንጓዴ ያለበት ግራጫ ልቅልቅ፤ የጣታቸው ፈለግ በቅስት በቅስት ሆኖ ይታያል። እውነቱን ለመናገር እጃቸው ጥሩ ነበር። እንደዚያ ያማረ ልቅልቅ ያየሁት ለእህል መውቂያ በተዘጋጀ አውድማ ላይ ብቻ ነው።

«ሲሚንቶው ተሰነጠቀ። ለወረዳ ነገርን፣ ዝም አሉን። ውሃው በስንጥቁ እየሾለከ ሲያልቅ ጊዜ እኔ ደፈንኩት» አሉ ከታች ቀና ብለው። «ሲላላ እንደገና እለቀልቀዋለሁ። ያለፈው ቅዳሜ እንኳ ገብቼ ነበር።»

«በምን ነው የለቀለቁት?» አልኳቸው። ሽታው ነግሮኛል፤ ግን ከአፋቸው መስማት ነበረብኝ።

«በእበትና በጭድ ነዋ። ያውም የጥጃ እበት መርጬ። ሣር ብቻ የበላ ጥጃ እበቱ አይሸትም።»

አጥሩ ላይ ያሉት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጠንቃቃ ሰው መሆናቸውን ለመመስከር ነው። ከዚያ ሕዝብ መካከል ነውር የታየው ለሁለታችን ብቻ ነበር። እዚያ አገር እበት የሚለቀለቀው ለማቆሸሽ አይደለም። ቤት ሲጸዳ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ እህል መሬት ላይ እንዳይበላሽ ሲፈለግ፣ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። ሽማግሌው ለውሃው ያደረጉለት የሚያውቁትን ንጽሕና ሁሉ ነው። መጻሕፍቴ ውስጥ ስለ ድንቁርና የተጻፈ ብዙ ነገር አለ፤ በድንቁርና ውስጥ ስላለ ትጋት የተጻፈ ግን ጥቂት ነው። ትጋቱ ይበልጥ አስጠላኝ። ሰነፍ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ውሃው ሾልኮ ያልቅ ነበር እንጂ ማንም አይመረዝም።

«አባቴ፣ እበቱ ነው» አልኳቸው። «ሰዉ ሲጠጣ የኖረው የጥጃ እበት ነው።»

«እበት ደግሞ ቆሻሻ ነው? እናቴ እኔን የወለደችኝ በእበት በተለቀለቀ ወለል ላይ ነው።»

«ወለል ላይ ሌላ ነው። ይህ ይጠጣል።»

ግድግዳቸውን ዞረው አዩት። በዚህ መሃል ሴትዮዋ ወደ ክዳኑ ጫፍ ጠጋ ብላ ተቀመጠች፤ ድምፅዋ የሚጠይቅ እንጂ የሚከስ አይመስልም።

«አባባ፣ መጀመሪያ የለቀለቁት መቼ ነበር?»

«አውድማውን የለቀለቅን ሰሞን። የተረፈውን ይዤ ነው የወረድኩት። ታኅሣሥ…» ብለው ቆሙ።

ልጁ የሞተው በጥር ነው። ሁሉም ቆጥሮ ጨረሰ፤ ከእሳቸው ፊት ላይ መቁጠሩ ሲያልቅ አየሁት። መብራቱን የያዘው እጃቸው ዝቅ አለ፤ ብርሃኑ ውሃው ላይ ወደቀ።

እዚህ ላይ መናገር የሚገባኝ ነገር ነበር። ቢጫ ነጥብ ማን ማንን እንደገደለ አይናገርም። ሳህኑ ስለ መጋቢት ውሃ ይናገራል፤ ስለ ጥር ሕፃን አያውቅም። ያን ውሃ ጠጥተው ያልታመሙ ልጆች አጥሩ ሥር ቆመው ያዩናል። እኔ በየስብሰባው ለሚነገረው ሁሉ «ማስረጃው ይህን አይልም» በማለት የተጠላሁ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ዝም አልኩ። ሴትዮዋ ነጻ የምትወጣበት ነገር የዚያን ያህል እርግጠኛ መሆን ነበረበት፤ ግማሽ እርግጠኛ ቢሆን የባሏ እናት አይቀበሉትም። ስለዚህ የሷ ሸክም ሽማግሌው ላይ ሲጫን እያየሁ አላራገፍኩላቸውም። እስከ ዛሬ ሳስበው አፌ ውስጥ የሚመጣ ጣዕም አለ።

ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ሲፍቁ ዋሉ። ማንንም አላስገቡም። ባልደረባዬ ክሎሪኑን በጥብጣ ጠበቀች፤ እሳቸው በማጭድ ጀርባ እየፋቁ በባልዲ ይሰጣሉ፣ ጎልማሶቹ ይደፋሉ። የሚወጣው ዝቃጭ ቡናማና የሚያዳልጥ ነበር፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ያንኑ መስሏል። ሲሚንቶ በኋላ ከየት እንደመጣ ረጅም ታሪክ ነው፤ መጥቷል፣ ስንጥቁም ተደፍኗል፣ ስለ ማኅተም አልባው ምርመራም ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኝ ማኅደሬ ውስጥ አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራው አልቆ ወደ ቤት ገባን። ሽሮ ቀርቦ ነበር። የባሏ እናት ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ፍርፍር ሊያጎርሷት ነው፤ ለሕፃኗ ለብቻዋ በትንሽ ሰሃን ተፈርፍሮላታል። ሽማግሌው ሳይቀመጡ፣ «ልጅቱን ለናቷ ስጫት» አሏቸው።

«ምን ተገኘ ደግሞ?»

«ስጫት አልኩሽ።»

«ሳይነግሩኝ አልሰጥም። የመረመሩት ሰዎች እዚህ ናቸው፣ ይንገሩኝ።»

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ከሷ እጅ አይደለም። እኔ ነኝ።» ከዚያ ከበሩ ወጥተው አጥሩ ሥር ተቀመጡ፤ ምሳም አልበሉም።

የባሏ እናት በበሩ ወደ አጥሩ አዩ። ከዚያ ሕፃኗን አነሡና ሰሃኑን ጨምረው ለእናቷ አቀበሉ። አልተመለከቷትም።

ሕፃኗ እናቷ ጭን ላይ ስትቀመጥ ተጠማዘዘች። እናቷ ትንሽ ጠቅልላ ወደ አፏ አስጠጋችላት፤ ሕፃኗ ፊቷን አዞረች፣ እጇን ወደ አያቷ ዘረጋች። እናቷ ጠበቀች። እንደገና አስጠጋች። ሕፃኗ ከንፈሯን ገጠመች። ባልደረባዬ ሽሮዋን ትታ ትመለከታለች፤ መኪናውን ይዞ የሚጠብቀን ሾፌር ከላይ ከመንገዱ የሚነፋው ጡሩንባ በሩቁ ይሰማል። በሦስተኛው አፏን ከፈተች፣ አላመጠች፣ ከዚያ ሁሉንም በምራቅ ለውሳ እናቷ መዳፍ ላይ ተፋችው። ሴትዮዋ የተተፋውን አየችው፣ የራሷ አፍ ውስጥ ከተተችው፣ ዋጠችው። ሌላ መጠቅለል ጀመረች።